ፋብሪካው ሳይዘጋ የጀመረው ሕመም

ካን በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዊልትሸር በሚባለው አውራጃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከለንደን ወደ ብሪስቶል የሚወስደው አሮጌ መንገድ በመሀሏ ያልፋል። ጥንት የምትኖረው በሱፍ ሽመና ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሽመናው ሥራ ሲከስም ከተማዋን ያተረፋት የአሳማ ሥጋ ነው። ለአብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ይህ ሙያ ፊት ያስዞር ይሆናል። ታሪኩ ግን ስለ ሥጋው ሳይሆን ሥጋውን ሲገፍፉ፣ በጨው ሲዘፈዝፉና ቋሊማ ሲሞሉ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ሰዎች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በእንግድነት ነው። ከአየርላንድ በመርከብ መጥተው ብሪስቶል ላይ የሚራገፉ አሳማዎች ወደ ለንደን በእግር ሲነዱ ካን አካባቢ አርፈው ያልፉ ነበር። በ1770 ሳራ ሃሪስ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከልጇ ጋር ወደ ከተማዋ መጥታ ሥጋ ቤት ከፈተች። ንግዱ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላለፈ። በዚያ ዘመን የአሳማ ሥጋ በጨው ተቀምሞ ቤከን የሚሆነው በብርዱ ወራት ብቻ ነበር፤ ሙቀት ሲመጣ ሥጋው ስለሚበላሽ ሠራተኛው ይበተናል። በ1840ዎቹ የድንች በሽታ አየርላንድን በረሃብ ሲመታት የአሳማው ምንጭም ደረቀ። ከቤተሰቡ አንዱ፣ ጆርጅ ሃሪስ፣ መላ ፍለጋ በ1847 አሜሪካ ተሻገረ። ይዞት የተመለሰው ትልቅ ነገር ሥጋን በበረዶ እያቀዘቀዙ መቀመም እንደሚቻል ማየቱ ነበር። ካን ውስጥ የበረዶ ቤት ተሠራ፤ በ1864 ዘዴው የፈጠራ መብት ተሰጠው።

በረዶው ለሃሪሶች ሀብት፣ ለከተማው ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ሥራ አመጣ። ትላንት እንደ ወቅቱ የሚጠራና የሚሰናበት የቀን ሠራተኛ የነበረው ሰው ቋሚ ሆነ። በ1863 የባቡር መስመር ገባ፤ ቋሊማውና ፓዩ በየቀኑ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይጫን ጀመር። በ1888 ሁለቱ የቤተሰቡ ድርጅቶች ተዋሕደው አንድ ካምፓኒ ሆኑ፤ በደህናው ዘመን ከ2,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። አባት ባለበት ልጅ ይገባል፤ ባልና ሚስት በአንድ በር ይወጣሉ ይገባሉ። የፋብሪካው ሕንፃ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የከተማዋን ሰማይ ይጋራ ነበር። ትምህርት ቤት ጨርሶ ፋብሪካ የገባ ልጅ ጡረታው የት እንደሚጠብቀው ያውቀዋል፤ እዚያው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዴንማርክ ቤከን ገበያውን ተጋፋ። የባቡር መስመሩ በ1965 ተዘጋ፤ የካምፓኒው ባለቤትነትም ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በ1980ዎቹ መባቻ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በከተማው ተናፈሰ። በጥር 1982 የብሪታንያ ሥራ አጥ ቁጥር ሦስት ሚሊዮን አለፈ። በዚያው ዓመት የካን ፋብሪካም ተዘጋ።

እስከዚህ ድረስ የካን ታሪክ በዚያ ዘመን ከተዘጉት የብረት፣ የመርከብና የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች ታሪክ አይለይም። የሚለየው ከተማዋ ውስጥ አንድ ልብ ያለው ሐኪም መኖሩ ነው።

ዶክተር ኖርማን ቢል የሰፈር ሐኪም ነበር። የብሪታንያ ሥርዓት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይመቻል። ከ1948 ጀምሮ ሐኪም ማየት በነጻ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በአንድ የሰፈር ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፤ ካርዱም አብሮት ይኖራል። ያኔ በመላ አገሪቱ ያገለግል የነበረው ካርድ ወፍራም ፖስታ ነው፤ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 13 ሳንቲ ሜትር ግድም። የ1911ዱን የመድን ሕግ ባወጡት ሚኒስትር ስም የሎይድ ጆርጅ ፖስታ ይሉታል። በውስጡ የታመመበት ቀን፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ሆስፒታል የተላከበት ደብዳቤ፣ የሕመም ፈቃድ ሁሉ እየታጠፈ ይገባል። የአንድ ሠራተኛ ፖስታ ወፍሮ ከታየ ሰውየው ታሞ መክረሙን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም፤ በእጅ ብቻ ይታወቃል።

ቢል ከተባባሪው ከሱዛን ኔዘርኮት ጋር እነዚህን ፖስታዎች አወጣ። ለዓመታት በፋብሪካው ተረጋግተው ሲሠሩ የኖሩ 80 ወንዶችንና 49 ሴቶችን ከነቤተሰባቸው ለዩ። በሌሎች የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚሠሩና ሥራቸው ካልተነካ ሰዎች ጋር አነጻጸሯቸው። ውጤቱ በ1985 በእንግሊዝ የጠቅላላ ሐኪሞች መጽሔት ወጣ። ሥራቸውን ያጡት ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ሐኪም የሚያዩበት ጊዜ በ20 በመቶ፣ በሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና የሚቀርቡበት ደግሞ በ60 በመቶ ጨምሯል። ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ ይከብዳል። ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ቤት መዋል ስለሰለቸው ነው ብሎ የሚያጣጥል አይጠፋም፤ ሆስፒታል የሚልከው ግን ሐኪሙ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይልክም።

ከቁጥሩም በላይ ያስገረመው ቀኑ ነው። ጭማሪው የታየው ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ አይደለም፤ ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ደመወዙ ሳይጓደል በሚከፈልበት ጊዜ ነው። ሰዎቹ ገና አንዲት ሳንቲም አላጡም። ያጡት የነገውን ነገር ነው። ሁለቱ አጥኚዎች የመባረር ሥጋት ከመባረሩ እኩል፣ ምናልባትም ከዚያ የሚብስ ጫና ነው ብለው ጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ሥራ አጥ ሰው ከሠራተኛው ይበልጥ እንደሚታመም ማንም አይክድም። ግን ሥራ ማጣቱ አሳመመው ወይስ ድሮውንም ታማሚ ስለነበር ተባረረ? አሠሪ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚያየው ቀሪ የሚበዛበትን፣ የሚያስለውን፣ ወገቡን የሚያመውን ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ መንስኤና ውጤት ይደባለቃሉ። ፋብሪካ በሙሉ ሲዘጋ ግን በሩ ጤነኛና በሽተኛ አይለይም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል። ተመራማሪዎች የተዘጉ ፋብሪካዎችን የሚያሳድዱት ለዚህ ነው። ነገሩ የሰው ጉዳት ላይ የቆመ ዕውቀት መሆኑ ደስ አይልም፤ ሆኖም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልተገኘም።

ከካን በፊት አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። ሲድኒ ኮብና ስታኒስላቭ ካስል በ1960ዎቹ በሚሺጋን ሁለት ፋብሪካዎች ሊዘጉ መሆኑ ሲታወቅ ነርሶችን ወደ ሠራተኞቹ ቤት ላኩ። 100 ባለትዳር ወንዶች፣ ከ35 እስከ 60 ዓመት የሆኑ። ነርሶቹ ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ እየተመላለሱ ደም ግፊት ለኩ። ግፊቱ የወጣው ሰዎቹ ገና በሥራ ላይ ሳሉ መዘጋቱን በሚጠባበቁበት ጊዜ ነው፤ ሥራ አጥተው በቆዩበትም ከፍ እንዳለ ቆየ፤ አዲስ ሥራ ገብተው ሲረጋጉ ወረደ። የካን ካርዶች ያሳዩት በፖስታ ውፍረት ሲሆን የሚሺጋኖቹ ነርሶች ያዩት በክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ ነው።

በዕድሜ የገፋ ሠራተኛ ነገር ግን ከወጣቱ የተለየ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ከካን ፋብሪካ ቢወጣ ሻንጣውን አንሥቶ ለንደን ይሄዳል። የ55 ዓመቱ ሰው ግን ሠላሳ ዓመት የተማረው የሥጋ ቢላዋውን አያያዝ ነው፤ ያ ሙያ ደግሞ ያለው አሁን በተዘጋው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ቤቱ እዚያው፣ የልጅ ልጆቹ እዚያው፤ ቤቱን ልሽጥ ቢል ሥራ የጠፋባት ከተማ ቤት ማን ይገዛል? ቀጣሪ ዘንድ ሲቀርብ ዕድሜው ከሙያው ቀድሞ ይታያል።

ሕጉም ሳያስበው ገፍቶታል። በ1965 የወጣው የቅነሳ ካሳ ሕግ አገልግሎትንና ዕድሜን ይቆጥራል፤ ሠራተኛው ከ41 ዓመቱ በላይ ሆኖ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ሳምንት ተኩል ደመወዝ ይከፈለዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ለቆየው ሰው የበለጠ ይገባዋል ነው። በተግባር ግን ቅነሳ በመጣ ቁጥር ማኔጅመንቱም የሠራተኛ ማኅበሩም ዓይን ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። ገንዘብ ይዘው ይሂዱ፣ ልጆቹ ይቅሩ ተባለ። በ1977 መንግሥት ጡረታ የተቃረቡ ሠራተኞች ቀደም ብለው እንዲወጡና ቦታቸውን ለሥራ አጥ ወጣት እንዲለቁ አበል የሚሰጥ ዕቅድ አወጣ፤ እስከ 1988 ሠራ። ወጥቶ መቀመጥ የውዴታ ግዴታ ሆነ።

ሰው ሥራ ሲያጣ ከደመወዙ ሌላ ምን እንደሚያጣ መጀመሪያ በደንብ የታየው ከካን ግማሽ መቶ ዓመት ቀድሞ፣ ከቪየና ደቡብ ምሥራቅ ባለች ማሪየንታል በምትባል የፋብሪካ ሠፈር ነው። በ1830 የተቋቋመው የፈትልና የጨርቅ ፋብሪካዋ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ፣ በ1929ና በ1930 መካከል ተዘጋ። ከ478ቱ ቤተሰቦች በሦስት አራተኛው ግድም ውስጥ ሥራ ያለው አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ጓደኞቻቸውን አስከትለው እዚያ ገቡ። ላዛርስፌልድ መጀመሪያ ሊያጠና የፈለገው የሠራተኞችን የዕረፍት ጊዜ ነበር፤ የሶሻሊስቱ መሪ ኦቶ ባወር ግን አገር ሥራ አጥቶ ባለበት ጊዜ የዕረፍት ጥናት ምን ይሠራል ብሎ ወደ ሥራ አጡ መራው።

እነዚህ ልጆች የለኩት ነገር ዛሬም ያስደንቃል። መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን ሰው እርምጃ በሰዓት ያዙ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ እየቆሙ፣ እየዘገዩ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ልጅና ምድጃ ስላለባቸው ይቸኩላሉ። ከ100 ወንዶች 88ቱ ሰዓት አልያዙም ነበር። የሠራተኞቹ ቤተ መጻሕፍት የኪራይ ክፍያውን አንሥቶ በነጻ ቢያበድርም የሚወሰደው መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ጊዜ ሲተርፍ ንባብ ይበዛል የሚለውን ግምት አፈረሰው። የአበል መክፈያ ቀን ሲቃረብ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚይዙት ምሳ እየሳሳ ሄዶ ደረቅ ዳቦ ብቻ ይሆን ነበር። መጽሐፉ በ1933 ላይፕሲግ ታተመ፤ ጀርመን በናዚ እጅ የገባችበት ዓመት ስለሆነ የአይሁድ ስም የያዙት ደራሲዎች በሽፋኑ ላይ አልተጻፉም።

ያሆዳ ከዚያ ጥናት የወሰደችውን ትምህርት ዕድሜዋን ሙሉ ስታብራራ ኖረች። ሥራ ደመወዝ ይሰጣል፤ ከደመወዙ ጀርባ ደግሞ ቀኑን በሰዓት ይከፍላል፣ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኛል፣ ከብቻ በላይ የሆነ ዓላማ ያሲዛል፣ ማን ነህ ሲባል መልስ ይሆናል፣ እንድትንቀሳቀስም ያስገድዳል። አበል የሚተካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም በከፊል።

እሷ ራሷ በ1936 ቪየና ውስጥ ታስራ፣ በዓመቱ አገር ለቃ እንድትወጣ ተደርጋ እንግሊዝ ገባች። ወዲያው ወደ ደቡብ ዌልስ የከሰል ሸለቆዎች ሄደች። እዚያ የኩዌከር ክርስቲያኖች ያቋቋሙት አንድ ሙከራ ነበር፦ ሥራ አጥ ማዕድን ቆፋሪዎች አበላቸውን ሳያጡ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ጫማ ይሰፋሉ፣ አትክልት ያለማሉ፤ የሠሩትን ዕቃ በወጪው ዋጋ ለራሳቸው ይገዛሉ። ደመወዝ የለም። ወጣቶቹ አንቀርብም አሉ፤ የመጡት በአብዛኛው ወደ ማዕድኑ የመመለስ ተስፋ የሌላቸው ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ያሆዳ ከቤተሰቦቹ ጋር ኖራ ጥንካሬውንም ድክመቱንም ጻፈች። ሙከራውን የሚመሩት ሰው ሪፖርቱን ሲያነቡ ክፉኛ ስለቆሰሉ ሳታሳትመው አስቀመጠችው። የታተመው በ1987 ነው፤ ዌልስ እንደገና በሥራ አጥ ሽማግሌ ተሞልታ ሳለች።

በዚያው በ1980ዎቹ ቁጥሩም መከመር ጀመረ። በ1984 የወጣ ጥናት በ1971 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ሥራ ፈላጊ ተብለው የተመዘገቡ ወንዶችን ለአሥር ዓመት ተከታትሎ የሞታቸው መጠን ከሚጠበቀው በ36 በመቶ በልጦ አገኘ፤ የኑሮ ደረጃ ልዩነቱ ሲቀነስለት 21 በመቶ ሆነ። የሚስቶቻቸውም ሞት በ20 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ይህቺ የመጨረሻዋ ቁጥር የካኖቹን ፖስታዎች ታስታውሳለች፤ እዚያም ሕመሙ ወደ ቤተሰቡ ተሻግሮ ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1994 የልብ ሕመም ተመራማሪዎች ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆኑ 6,191 ወንዶችን መዝግበው ያወጡት ውጤት ይበልጥ ቁርጥ ያለ ነው። ሁሉም ለአምስት ዓመት ሳያቋርጡ የሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ያጡት በቀጣዩ አምስት ዓመት ተኩል ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በሥራቸው ከቆዩት በእጥፍ በለጠ። ሲጋራው፣ መጠጡ፣ ውፍረቱ፣ የሚኖርበት ከተማ ሁሉ ተቀንሶለትም እጥፉ ከሞላ ጎደል እንዳለ ቀረ። ሳይታመሙ በጊዜ ጡረታ የወጡትና ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች እንኳ አላመለጡም። ካሳ ይዞ በጊዜ መውጣት ለሽማግሌው ጸጋ ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች ይህን ውጤት ማንበብ ነበረባቸው።

መንግሥት ምን አደረገ? የሥራ አጡን ስም ለወጠው። ከ1983 ጀምሮ 60 ዓመት የሞላቸው ሥራ አጥ ወንዶች በሥራ ፈላጊነት መፈረማቸው ቀረ፤ ከመዝገቡ ሲወጡ የሥራ አጥ ቁጥሩ በዚያው ልክ ቀነሰ። ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ወደ ሐኪሙ ተመሩ። በ1971 የተጀመረው የረጅም ጊዜ ሕመም አበል ከሥራ አጥ አበል ይሻላል፤ በየሳምንቱም ሥራ ፈለግህ ወይ ብሎ አያስጨንቅም። የ57 ዓመት የከሰል ቆፋሪ ጉልበቱ፣ ሳንባው፣ ጆሮው ንጹሕ አይደለም፤ ማዕድኑ ክፍት እያለ በዚያው አካል ይሠራ ነበር፤ ሲዘጋ ያው አካል የሕመም ማስረጃ ሆነ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የአበሉ ተቀባዮች ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ። የሼፊልድ ተመራማሪዎች ክሪስቲና ቢቲና ስቲቭ ፎዘርጊል የከሰል አውራጃዎችን ሒሳብ ሲመረምሩ እጅግ ብዙ ሥራ በጠፋበት አካባቢ የሥራ አጥ ቁጥር ያን ያህል አለመጨመሩን አስተዋሉ። ሰዎቹ የትም አልሄዱም፤ በሥራ አጥነት ፈንታ በሕመም ተጽፈው እዚያው ሠፈራቸው ነበሩ። በጋዜጣ ግን አጭበርባሪ ተባሉ። ለወንጀሉ ተጠያቂ የሚፈለግ ከሆነ ፈርሞ የሰጠው ሐኪምም የተቀበለው ሠራተኛም አይመስልም፤ ፋብሪካና ማዕድን ዘግቶ ቁጥሩ እንዳይታይ የፈለገው ክፍል ነው።

ማሪየንታል ወሬዋ አላለቀም። በጥቅምት 2020 የታችኛው ኦስትሪያ የሥራ ቅጥር አገልግሎት በዚያችው ሠፈር ከዓመት በላይ ሥራ ላጡ ነዋሪዎች ሁሉ ደመወዝ ያለው ሥራ ሊሰጥ ቃል ገባ። ማንም አልተገደደም። አናጢነት፣ የቤት ዕቃ ማደስ፣ አትክልት መንከባከብ ተጀመረ፤ ፕሮግራሙ እስከ 2024 ዘለቀ። ጥናቱን ያካሄዱት ማክሲሚልያን ካዚና ሉካስ ሌነር ያሆዳ የዘረዘረቻቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ለኩ። ገቢያቸው ተሻሻለ፤ ቀናቸው መልክ ያዘ፤ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ሰፋ፤ በሰው ፊት ያላቸው ቦታ ከፍ አለ። የሰውነት ጤናቸው ግን ለውጥ አላሳየም። ሥራው የመጣው ሰዎቹ ሥራ ካጡ ከዓመት በኋላ ነው፤ ዶክተር ቢል ግን የካኖቹ ጤና መናጋት የጀመረው ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መሆኑን አሳይቶ ነበር።

ፋብሪካ ሲዘጋ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለመንግሥት አስቀድሞ እንዲነገር የሚያዘው የብሪታንያ ሕግ ከ1975 ጀምሮ 100 ሰውና ከዚያ በላይ ሲቀነስ 90 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2013 ወደ 45 ቀን ወርዷል።